የኪራይ ቤት ለመግዛት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ሒሳቡን ይመርምር

ሰው በጉልበቱና በዕውቀቱ ደክሞ ያገኘውን ገንዘብ ሳያባክን ጠብቆ፤ ለእርጅናው መጦሪያ ለልጆቹም ማሳደጊያ እንዲሆነው በአንድ ረብ ባለው ሥራ ላይ ማዋሉ የአስተዋይነት ምልክት ነው። ነገር ግን ገንዘብን ማጠራቀም አንድ ነገር ሲሆን፤ የተጠራቀመውን ገንዘብ በማወቅ ማዋል ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሃያና ሠላሳ ዓመት በቁጠባ የተሰበሰበ ገንዘብ በአንድ ቀን የችኮላ ውል የሚጠፋበት ጊዜ አለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለውም ስለዚህ ነው፤ ይሁን እንጂ በቤት ግዢ የፈሰሰ ገንዘብ ተመልሶ የሚለቀምበት ጊዜ ጥቂት ነው።

በአዲስ አበባና በሌሎቹም ታላላቅ ከተሞች ብዙ ሰዎች የኪራይ ቤት ለመግዛት ይመኛሉ። ጡረታቸው የደረሰ የመንግሥት ሠራተኞች፤ ትርፋቸውን ከሱቅ አውጥተው በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ ሊያኖሩ የሚወዱ ነጋዴዎች፤ በአሜሪካና በዓረብ አገሮች ሠርተው ለወላጆቻቸው ገንዘብ የሚልኩ ወገኖች፤ እንዲሁም የደብራቸውን ገቢ ለማሳደግ የሚያስቡ የሰበካ ጉባኤ አባሎች በዚሁ አሳብ ተባባሪዎች ናቸው። ከሁሉ አብልጠው የሚፈልጉትም ታላቁን ፎቅ ሳይሆን፤ በአንድ ግቢ ውስጥ አራት ወይም ስድስት ቤተ ሰብ ሊኖርባቸው የሚችሉ ትንንሽ ቤቶች ያሉበትን ቦታ ነው። እንዲህ ያለው ግቢ በውነቱ መልካም ጠባይ አለው። አንድ ብቻውን የቆመ ቤት ተከራዩ የለቀቀ ዕለት ገቢው ሁሉ ይቋረጣል፤ አራት ቤት ያለበት ግቢ ግን አንዱ ቢለቀቅ የሚጎድለው አራተኛው እጅ ነው። ዘበኛውም ውሃውም አጥሩም ለአራቱ አንድ ስለ ሆነ ወጪው ይቀላል።

ስለዚህ የቤት ኪራይ ንግድ የሚነቀፍ ሥራ አይደለም። የሚነቀፈው ሳይቈጥሩ መግባት ነው። በቅዱስ ሉቃስ ወንጌል በ14ኛው ምዕራፍ ስለ ግንብ ሠሪው የተነገረው ምሳሌ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ላደገ ሰው ሁሉ የታወቀ ነው። ምሳሌው የተነገረው ስለ ነፍስ ጉዳይ ቢሆንም፤ ለሥጋ ኑሮም ሚዛን ሆኖ ያገለግላል። መሠረት ጥሎ መፈጸም ያቃተው ሰው መሳቂያ እንደሚሆን፤ ቤት ገዝቶ ዕዳውን መክፈል ያቃተውም ሰው እንዲሁ ነው።

የኪራይ ቤት ዋጋ ከሕግ ጋራ የተሳሰረ መሆኑን ያለፈው ታሪክ ያስተምራል። ከ1967 ዓ.ም. በፊት በአዲስ አበባ የኪራይ ቤት የባልቴቶች ጡረታና የመኳንንቱ ገቢ ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 በወጣ ጊዜ፤ ለአንድ ቤተ ሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ የማይፈቀድ ሆነ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ብዙ ሰዎችና ቤተ ክርስቲያንም ጭምር ይተዳደሩባቸው የነበሩትን ቤቶች አጡ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ቤት ማከራየት እንደገና የተፈቀደ ሥራ ሆኖ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ40ኛው አንቀጽ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፤ በመሬቱ ላይ የተሠራው ግን የሠሪው ንብረት መሆኑን ደነገገ። እንግዲህ ዛሬ ግቢ የሚገዛ ሰው የሚገዛው ቤቱንና በቦታው የመጠቀምን መብት እንጂ መሬቱን አይደለም። ይህን አንድ ነገር ሳያስተውል ዋጋ የሚቈርጥ ሰው ከመጀመሪያው ተሳስቶአል።

ከዚህም በላይ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የአከራይንና የተከራይን ግንኙነት በአዲስ ሥርዓት አቁሞታል። በዚህ አዋጅ መሠረት የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ በተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት ይመዘገባል፤ የውሉም ዘመን ከሁለት ዓመት አያንስም፤ በቅድሚያ የሚከፈለውም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ኪራዩ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል፤ የኪራይ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ በመንግሥት ከሚወሰነው መጠን ሊያልፍ አይችልም። አስቀድሞ በተከራይ ያልተያዘ ወይም አዲስ የተሠራ ቤት ግን የመጀመሪያው ኪራይ በባለቤቱና በተከራዩ ስምምነት ይወሰናል።

ይህ ሕግ ለተከራዩ ታላቅ ዕረፍት ነው። ለገዢውም ቢሆን ምክር የሚሰጥ ሕግ ነው፤ ይኸውም እንዲህ ነው። ቀድሞ በውድ ዋጋ የገዛ ሰው ጉድለቱን ሁሉ በተከራዩ ላይ ይጭን ነበር። ሒሳቡ ያልሞላለት እንደ ሆነ በስድስት ወር ኪራይ ይጨምራል፤ ያልቻለውን ያስወጣል። ዛሬ ይህ በር ተዘግቶአል። በግዢ ቀን የተሠራው ስሕተት ከገዢው ጋራ ይኖራል እንጂ ወደ ተከራዩ አይሻገርም። ስለዚህ ሒሳቡ የሚሠራው ውሉ ከመፈረሙ በፊት መሆን አለበት።

ሒሳቡም የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። ለምሳሌ ያህል አራት ቤቶች ያሉበት አንድ ግቢ ለሽያጭ ቀረበ እንበል። እያንዳንዱ ቤት በወር 12,000 ብር ይከራያል። ሻጩና ደላላው በወር 48,000 በዓመት 576,000 ብር ይገባል ብለው ይናገራሉ። የሚጠየቀው ዋጋ 14,000,000 ብር ነው። በዚህ ላይ የቴምብር ቀረጥ፤ የስም ማዛወሪያና የደላላው ዋጋ ተጨምሮ በጠቅላላው 15,000,000 ብር ይሆናል እንበል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ 15,000,000ን ለ576,000 አካፍሎ በ26 ዓመት ዋጋዬን እመልሳለሁ ብሎ ደስ ይለዋል።

ነገር ግን የተሰበሰበው ኪራይ ሁሉ የባለቤቱ ገንዘብ አይደለም። በመጀመሪያ ተከራይ ሲለቅና ሌላው ሲገባ፤ አንዳንዱም ኪራዩን ሲያዘገይ በዓመት የአንድ ወር ገቢ እንደሚጎድል ማሰብ ይገባል፤ ይኸውም 48,000 ብር ነው፤ ቀሪው 528,000 ይሆናል። ከዚያ ለቀለም፤ ለቧንቧና ለመብራት ጥገና፤ ለሽንት ቤት ጉድጓድ ማስመጠጫ 60,000 ብር፤ ለዘበኛና ለጽዳት 48,000 ብር፤ ለጣሪያና ግድግዳ ግብርና ለቦታ ኪራይ 18,000 ብር ይወጣል። ቆርቆሮው ባረጀ፤ የውሃው ታንከር በተሰነጠቀ፤ ግንቡ በዘመመ ጊዜ የሚያስፈልገውን ለማስቀመጥ በዓመት 40,000 ብር መጠባበቂያ ይያዛል። የወጪው ድምር 166,000 ብር ሲሆን ቀሪው 362,000 ብር ነው። ከዚህ ደግሞ የኪራይ ገቢ ግብር ይከፈላል። ግብሩ ለግለሰብ እንደ ገቢው መጠን እየጨመረ እስከ ከመቶ 35 ይደርሳል፤ ለድርጅት ከመቶ 30 ነው። ለምሳሌያችን 102,000 ብር ቢሆን፤ በባለቤቱ እጅ በእርግጥ የሚቀረው 260,000 ብር ነው።

እንግዲህ 15,000,000 ብር ያወጣ ሰው በዓመት 260,000 ብር አገኘ ማለት፤ ከመቶ ብር 1 ብር ከ73 ሳንቲም አገኘ ማለት ነው። ዋጋውን የሚመልሰውም በ26 ዓመት ሳይሆን ወደ 58 ዓመት ገደማ ነው። ጡረታ የወጣ ሰው ይህን ያህል ዘመን ሊጠብቅ እንደማይችል ግልጽ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ለቁጠባ የሚከፈለው ዝቅተኛ ወለድ ከመቶ 7 እንዲሆን መወሰኑን ያስታወሰ ሰው ደግሞ ልዩነቱን በራሱ ያመዛዝናል።

ገንዘቡ ብድር የሆነ እንደ ሆነ ነገሩ ይብሳል። ከዚያው ከ15,000,000 ብር እኩሌታውን 7,500,000 ብር ከመቶ 16 ወለድ ተበድሮ የገዛ ሰው፤ ወለዱ ብቻ በዓመት 1,200,000 በወር 100,000 ብር ይሆንበታል። ከአራቱ ቤቶች የሚሰበሰበው ኪራይ ግን ምንም ወጪ ሳይነሣለት እንኳ በወር 48,000 ብር ነው። ይህ ሰው በየወሩ ከደመወዙ 52,000 ብር እየጨመረ የባንኩን ወለድ ሊከፍል ነው፤ ዋናው ዕዳ ገና አልተነካም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይህ ነው።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰዎች የሚመልሱት መልስ አንድ ነው፤ ይኸውም፤ ኪራዩ ጥቂት ቢሆንም የቤቱ ዋጋ ከዓመት ወደ ዓመት ይጨምራል፤ ብር ሲረክስ ቤት አይረክስም የሚል ነው። ይህ መልስ ከንቱ አይደለም። ባለፉት ዓመታት የገንዘብ ኃይል መድከሙ፤ በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም የብርና የውጭ ገንዘብ ልዩነት መስፋቱ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ገንዘቡን በቤት ያኖረ ሰው ከዚህ በከፊል ተጠብቆአል። ነገር ግን የቤት ዋጋ ጭማሪ ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ የሚበላ እንጀራ አይሆንም። ደግሞም ገዢው ስለ ምን ነገር ስንት እንደሚከፍል ለይቶ ማወቅ ይገባዋል። ከመቶ 5 በሚያስገኝ ዋጋ የሚረካ ሰው 260,000 ብርን በ20 ቢያበዛ 5,200,000 ብር ያገኛል። ኪራዩ በራሱ ጉልበት ሊሸከመው የሚችለው የግቢው ዋጋ ይህ ነው። የቀረው 9,800,000 ብር ስለ ተስፋ የተከፈለ ነው። ለተስፋ መክፈል ኃጢአት አይደለም፤ ነገር ግን ተስፋን እንደ ኪራይ ገቢ ቈጥሮ መበደር አላዋቂነት ነው።

ይህ ሒሳብ ከተሠራ በኋላ ምርመራው ወደ ሰነዱና ወደ ግቢው ይዞራል። በመጀመሪያ ካርታው ይታያል። ቦታው ነባር ይዞታ ነው ወይስ የሊዝ? በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ ቤት የተፈቀደው ዘመን 99 ዓመት ስለ ሆነ፤ የሊዝ ከሆነ ስንት ዓመት ቀረው፤ ያልተከፈለ ሊዝስ አለበት ወይ ተብሎ ይጠየቃል። በካርታው ላይ አንድ ቤት ተስሎ በግቢው ውስጥ አራት ቤት ቢገኝ፤ ሦስቱ ያለ ፈቃድ የተሠሩ ሊሆኑ ይችላሉና ለእነርሱ ዋጋ መክፈል የሚፈርስ ነገር መግዛት ነው። ዕዳና እገዳ አለመኖሩ ከመዝገብ ይረጋገጣል። ሻጩ ወራሽ እንደ ሆነ የሌሎቹ ወራሾች፤ ባለትዳር እንደ ሆነ የባል ወይም የሚስት ስምምነት ይፈለጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1723ኛው አንቀጽ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲመዘገብ ስለሚያዝ፤ በሰፈር ሽማግሌ ፊት በወረቀት ብቻ የተደረገ ሽያጭ መታመኛ አይሆንም።

ቀጥሎ የከተማው ፕላን ይጠየቃል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ በተደረገው የኮሪደር ልማት መንገዶች ሲሰፉና አሮጌ ሰፈሮች ሲታደሱ የታየ ነው። ቦታው ለሕዝብ ጥቅም የተፈለገ እንደ ሆነ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 ካሳ ያዛል፤ ሆኖም ካሳው የሚታሰበው በመሬቱ ላይ ስላለው ንብረት እንጂ በገበያ ስለ ቦታው በተከፈለው ዋጋ ልክ አይደለም። ከላይ ስለ ተስፋ የተከፈለው ገንዘብ በዚህ ጊዜ የሚመልሰው የለም።

ቤቱን ራሱን ለመመርመር የሚሻለው ወራት ክረምት ነው። በበጋ ቀለም የተቀባ የጭቃ ቤት ሁሉ መልካም ሆኖ ይታያል፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን የሚያፈስሰው ጣሪያ፤ ከመሠረቱ የሚረጥበው ግድግዳ፤ ጎርፍ የሚተኛበት ግቢ ይገለጣል። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፤ ታንከሩ ለአራቱ ቤተ ሰብ ይበቃ እንደ ሆነ፤ ቆጣሪው ለየቤቱ የተለየ ወይም የጋራ መሆኑ ይታይ፤ የጋራ ቆጣሪ የጠብ ምንጭ ነውና። ኪራዩንም ሻጩ በቃሉ ሲናገር መቀበል አይገባም። የተመዘገበውን ውልና የአሥራ ሁለት ወር የባንክ መዝገብ ማየት ይገባል። ኪራይ በባንክ እንዲከፈል በመታዘዙ፤ እውነተኛውን ገቢ ለማወቅ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ቀላል ሆኖአል። ውሉ ዘመኑ ያልተፈጸመ ተከራይ ያለበትን ግቢ የገዛ ሰው ተከራዩን በማግሥቱ አስወጣለሁ ብሎ እንዳያስብ፤ ሕጉ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያዝዛልና።

በዚህ ሁሉ ሒሳብ መካከል ተከራዩ ቍጥር ብቻ መስሎ እንዳይታይ ማስጠንቀቅ ይገባል። ፍትሐ ነገሥት ስለ ኪራይ በሚናገርበት ክፍል አከራይንም ተከራይንም በአንድ ሚዛን ማስቀመጡን ሊቃውንት ያውቃሉ። በጊዜው የሚከፍል፤ ቤቱን እንደ ራሱ የሚጠብቅ ተከራይ ለባለቤቱ ከአዲስ ቆርቆሮ ይልቅ ይጠቅመዋል። ሲያፈስስ የነበረውን ጣሪያ በሰዓቱ ያሳደሰ ባለቤት ተከራዩን ያቈያል፤ ለጥቂት ሺህ ብር ብሎ ችላ ያለው ግን ተከራዩንም ግድግዳውንም ያጣል። እዚህ ላይ ጽድቅና ጥቅም በአንድ መንገድ ይሄዳሉ።

እንግዲህ የኪራይ ገቢ የሚፈልግ ሰው ምን ያድርግ? የሚበልጠው ምክር፤ ከመግዛት ይልቅ መሥራት ነው። ሰፊ ግቢ ያለው ሰው በ2,000,000 ብር ፈቃድ አውጥቶ ሁለት ትንንሽ ቤቶች ቢሠራና እያንዳንዱን በ12,000 ብር ቢያከራይ፤ በአሥራ አንድ ወር 264,000 ብር ይሰበስባል። ለጥገናና ለልዩ ልዩ ወጪ 40,000፤ ለግብር 78,000 ብር ቢወጣ 146,000 ብር ይቀረዋል። ይህ ከመቶ 7 ብር ከ30 ሳንቲም ነው፤ ከላይ ከተነገረው ግዢ አራት እጥፍ ይበልጣል። ምክንያቱም ቦታው አስቀድሞ በእጁ ስለ ነበረ ስለ ተስፋ የከፈለው ገንዘብ የለም። ለአገርም የሚሰጠው ጥቅም የተለየ ነው። የቆመ ቤት ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ የከተማው ቤት ቍጥር አይጨምርም፤ ዋጋው ብቻ ይጨምራል። አዲስ ቤት የሠራ ሰው ግን ሁለት ቤተ ሰብ ከጎዳና ወደ ጣሪያ አስገባ።

ይህ ምክር ሥራ ላይ እንዲውል የመንግሥት ሹማምንት ድርሻ አላቸው። የግንባታ ፈቃድ ለማግኘት ወራት የሚፈጅ ከሆነ ሰው ወይ ያለ ፈቃድ ይሠራል፤ ወይም ገንዘቡን ወደ ደላላው ይዞ ይሄዳል። ለትንንሽ የኪራይ ቤቶች ፈቃድ በአጭር ቀን የሚሰጥ፤ የዕዳና እገዳ መዝገብን ለጠያቂው ሳያመላልስ የሚገልጽ መሥሪያ ቤት ከማናቸውም የቃል ምክር ይልቅ ሕዝቡን ይጠቅማል። የኪራይ ጭማሪ መጠን በየዓመቱ ሲወሰንም የሲሚንቶና የቆርቆሮ ዋጋ አብሮ እንዲመዘን ያስፈልጋል፤ ጥገናውን ሊሸፍን የማይችል ኪራይ ቤቱን ስለሚያፈርስ ተከራዩም አብሮ ይጎዳልና።

የደብር ገንዘብ ለሚያስተዳድሩ ካህናትና ምእመናን ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ ሊሆን ይገባል። የግል ገንዘቡን ያጠፋ ሰው ራሱን ይጎዳል፤ የሰበካ ጉባኤ ግን የያዘው ድኻዋ በሙዳየ ምጽዋት የጣለችውን ሳንቲም ነው። ስለዚህ ማናቸውም የኪራይ ቤት ከመገዛቱ ወይም ከመሠራቱ በፊት ከላይ የተነገረው ሒሳብ በጽሑፍ ተሠርቶ ለጉባኤው ይነበብ፤ መሐንዲስ ግንቡን፤ የሕግ ዐዋቂ ሰነዱን፤ ኦዲተር ገንዘቡን ይመርምር። የተከራዩትም ሰዎች ለዝምድና ብለው በርካሽ የገቡ እንዳይሆኑ ኪራዩ በግልጽ ይታወቅ። እንዲህ የተደረገ እንደ ሆነ ገቢው ለአብነት ተማሪው ስንቅ፤ ለአገልጋዩ ደመወዝ፤ ለአረጋውያን መጦሪያ ይሆናል።

ቤት መልካም ሀብት ነው። ነገር ግን ባለቤቱን የሚያኖረው ቤት ወጪው ተቈጥሮ፤ ሰነዱ ተመርምሮ፤ ከአቅም በላይ ሳይበደሩ የተያዘ ቤት ነው። ደላላው የሚናገረውን ሰምቶ ከመፈረም አንድ ምሽት በእርሳስና በወረቀት መቀመጥ ይሻላል፤ ያ ምሽት የብዙ ዓመት ጸጸት ያስቀራልና።